ጋሼ የሰነጠቀው የቀርከሃ መምቻ

ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ ደንበኛ ዕቃ ላደርስ በጆሃንስበርግ ሰሜን በኩል፣ ዛፍ በሞላባቸው መንገዶች ባኪዬን፣ ያቺን ክፍት የጭነት መኪናዬን፣ እየነዳሁ ሳለ ሁለት አትክልተኞች የቀርከሃ አጥር ሲቆርጡ አገኘሁ። መስኮቴ ክፍት ነበር። ሽታው ገባ። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚሸተውን ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። የታጨደ ሣር አይደለም፣ የተላጠ ሸንኮራም አይደለም፣ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። መንገዱ ዳር ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላዬ የነበረው ታክሲ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ሹፌሩ በዙሉ ስለ እናቴ የሆነ ነገር ተናግሮ አለፈ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታሪኩ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዓመቱን ሙሉ ስለ እሱ ልጽፍ እየተቀመጥኩ እየተነሳሁ ነው የኖርኩት። እጄ አልሄድ ይለኛል። በቀብሩ ላይ ማይክ ሲሰጡኝ እንኳ "ወንድሜ ጥሩ ሰው ነበር" ብዬ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፤ ግን ይሄ ስለ ማንም ይባላል። ያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ያለቀስኩ ይመስላችሁ ይሆናል። ሳቅሁ። ብቻዬን፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ሳቅሁ። ትዝ ያለኝ ጋሼ የአከራያችንን እናት የጎጎ ታንዲን መምቻ በዳቦ ቢላ የሰነጠቀ ዕለት ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። ያኔ ሱቃችን ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ካትሌሆንግ ነበር፤ የአንድ ቤት ጋራዥ ተከራይተን። ፊት ለፊቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ በፍርግርጉ መሃል ዳቦ የምታሳልፍ ቀዳዳ አለች። ደንበኛ በዚያች ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ "ማይ ፍሬንድ!" ብሎ ይጣራል። ስማችን ያ ነበር፤ የጋሼም የእኔም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ገና መምጣቴ ነው፤ እሱ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል፤ አገሩን ለምዶታል። ዳቦ በአምስት ራንድ ከምናምን ይገዛ ነበር፤ ግማሽ ዳቦም እንሸጣለን። ሲጋራ በፍሬ፣ እንቁላል በፍሬ፣ ሻይ በሁለት ከረጢት፣ ስኳር በትንሽ ፌስታል ቋጥረን፣ ላምባ ደግሞ በርሜል ውስጥ አስቀምጠን በጠርሙስ እንቀዳለን። አሁን ላምባ ሊገዛ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ እንዴ? ያኔ ግን ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጀምር እናቶች በሰልፍ ይቆሙ ነበር። በሩ ላይ የሚያልፉት ታክሲዎች ሙዚቃቸውን ከማስጮኻቸው የተነሳ የመደርደሪያው ቆርቆሮዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጋሼ ደግሞ ከዚያ በላይ ከአገር ቤት የመጣ የመዝሙር ካሴት ይከፍትና አብሮ ይዘምራል። ድምፁ ለመዝሙር የተሠራ አልነበረም። እሁድ እሁድ ለጸሎት ስንሄድ ከጀፕ፣ ከመሃል ከተማው የአበሾች ገበያ፣ የገዛትን ጫፏ ወደ ላይ የተቀለበሰች ቡናማ ጫማ ያደርጋል፤ በሌላው ቀን ግን ሰማያዊ ቱታ ነው። እጁ ፈጣን ነበር። ሃምሳ ኪሎ ስኳር እኔ ፌስታል ስከፍት እሱ ቋጥሮ ይጨርሳል። በፍጥነቱ ይኮራ ነበር። "ደንበኛ አይቁም" ይላል፤ "የቆመ ደንበኛ ዓይኑ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል።"

አንድ ቀን ጀርሚስተን ካለ አሮጌ ዕቃ ቤት አንዲት የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። "የወጥ ቤት ዕቃ" ተብሎ ነው የሸጡለት። ከፈትናት። አንድ ጥቁር ወፍራም ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ጠርዙ ጠማማ ነው፤ ሸክላ ሠሪው ቸኩሎ የተወው ይመስላል። አንድ ረጅም እጀታ ያለው የቀርከሃ ጭልፋ። አንድ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ ጫፉ የታጠፈ ማንኪያ፣ እሱም ቀርከሃ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ፣ ዶሮ እንቁላል የምታህል። አንድ ቀይ የሐር ጨርቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መምቻው። እንዴት ልበለው፤ አንድ ጭብጥ የምታህል የቀርከሃ ቁራጭ ናት፤ ታችኛው ግማሿ ድፍን ነው፤ ላይኛው ግማሿ እንደ ፀጉር ቀጥነው በተሰነጠቁ ስንጥሮች የተከፈተ፤ በውጭ አንድ ዙር፣ በውስጥ ሌላ ዙር፣ በጥቁር ክር ተሸምኖ የተያዘ። ምንነታቸውን አናውቅም። ስለማናውቅ ደግሞ አልተጨነቅንም፤ ሱቅ ነው፣ ሁሉም ሥራ ያገኛል። ጭልፋው የላምባ በርሜል ውስጥ ገባ፤ እጀታው ረጅም ስለሆነ ከሥር ድረስ ይደርሳል። ማንኪያዋ ሱረት ለሚገዙ አሮጊቶች ልክ ሆነች፤ አንድ ማንኪያ አንድ ዋጋ። ጠማማው ሳህን ማስቲካ ተሞላ። ትንሿ ዕቃ የሲም ካርድ ማስቀመጫ ሆነች። በሐሩ ሚዛኑን እንወለውላለን። መምቻውን ግን ጋሼ ሥራ አልሰጠውም። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እያወረደ ያየዋል።

አባታችን ጨንቻ ላይ የቀርከሃ ቤት ሠሪ ነበር። እኛ አገር ቤት ከመሬት እስከ ጫፉ በቀርከሃ ነው የሚሸመነው፤ ጋሼም ከልጅነቱ ጀምሮ ከአባቴ ሥር እየሰነጠቀ ነው ያደገው። ቀርከሃ ካየ እጁ ይበላዋል። አንድ እሁድ ከጸሎት ተመልሰን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ መምቻውን ብርሃን ላይ ያዘና "ይሄ ከሁለት ቀርከሃ ነው የተሠራው" አለ።

"ከአንድ ነው" አልኩት።

"አንተ ምን ታውቃለህ? እኔ ከአባባ ጋር ጣሪያ ላይ ስወጣ አንተ ከታች አፈር ትበላ ነበር።"

"ሁለት ቢሆን የተጋጠመበት ይታይ ነበር፤ ጋሼ ሙት ከአንድ ነው።"

"የውስጡ ዙር ተቆርጦ የገባ ነው። እንዲህ አድርጎ ከአንድ የሚሰነጥቅ እጅ የለም። አባባ እንኳ አይችልም።"

"እንግዲያው ክሩን ፍታና እየው።" አመነታ። ያኔ እኔ ያቺን ቃል ተናገርኩ። "አትደፍርም" አልኩት።

ክሩን ፈታው። ስንጥሮቹ ተደባለቁ እንጂ የውስጡ ዙር አልወጣም። "አየህ?" ስለው የዳቦውን ቢላ አነሳና እጀታው ላይ አሳርፎ በመዳፉ መታው። መምቻው ለሁለት ተከፈለ። ውስጡን አየን። አንድ ነበር። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀርከሃ። እኔ አሸንፌ እንኳ ለመጮህ ፈራሁ። ጋሼ ግን ፊቱ በርቶ "አንድ ነው!" አለ። "አንተ፣ አንድ ነው! ይሄን የሠራውን ሰው ባገኘው እጁን እስመው ነበር!" መልሶ ሊገጥመው ሞከረ፤ ግማሾቹ ስንጥሮች ተሰበሩ። ከዚያ አንዲትም ሳትቀር ለቅሞ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተታት፤ ለደንበኛ ሁሉ በፍርግርጉ እያሳየ "ከአንድ ነው እኮ!" ይል ነበር። ደንበኛውም ዳቦውን ይዞ ይሄዳል።

ወር ያህል ሳይቆይ አንድ አርብ ጠዋት አንዲት አጠር ያሉ አሮጊት፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ትልቅ ሻንጣ ከጎናቸው ያቆሙ፣ ፍርግርጉ ጋ መጡ። ጋራዡን ያከራየችን ሴት እናት ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት። ታማሚ እህታቸውን ሊያስታምሙ ናታል ክፍለ አገር ሄደው ዓመት ሊሞላቸው ሲል መመለሳቸው ነው፤ እኛን አይተውን አያውቁም። ጎጎ ታንዲ ይባላሉ። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው። ጋሼ ላምባ እየቀዳ ነበር።

"ያንን ጭልፋ ከምን ውስጥ ነው ያወጣኸው?" አሉት።

"ከላምባው ነው፣ ጎጎ። ስንት ጠርሙስ ልስጥዎት?"

"ሃይቦ!" አሉ። ሃይቦ ካትሌሆንግ ውስጥ ለድንጋጤም ለቁጣም ይሆናል፤ የእሳቸው ሁለቱም ነበር። በጓሮ በኩል ዞረው ሱቁ ውስጥ ገቡ። ጭልፋውን ከእጁ ነጠቁት፣ አሸተቱት። ሳህኑን አዩ። ማስቲካውን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ማንኪያዋን ከሱረቱ አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጠረጉ። ሲም ካርዶቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ለእያንዳንዱ ዕቃ እኛ የማናውቀውን ስም እየጠሩ ደረታቸው ላይ ሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው "ቻሰኑስ?" አሉ።

"ምኑ?"

የእጃቸውን አንጓ በፍጥነት ወደ ፊት ወደ ኋላ አወዛወዙ። ምን እንደሆነ ገባን። ተያየን። ጋሼ የማርማላታውን ጠርሙስ አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ጎጎ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ አጫወቱን። በወጣትነታቸው ሰሜን በኩል ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ፣ ለአንድ ጃፓናዊ ነጋዴ ቤተሰብ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። እመቤቲቱ በሳምንት አንድ ቀን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት በእነዚህ ዕቃዎች ለእንግዳ ታፈላ ነበር። ጎጎ ዕቃዎቹን ያጥባሉ፤ መምቻውን በተለይ በለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ ጫፉን ሳይነኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ስንጥር እንዳልሰበሩ ነገሩን። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ እመቤቲቱ ሳጥኗን ለእሳቸው ትታ ሄደች። ናታል በነበሩ ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ላይ ጠፋች። ማን እንደሸጣት ያወቁ ይመስለኛል፤ ስሙን ግን አልጠሩም።

"ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ትመጣለች" አሉ። "ዩኪ። በዚህ ጀርባዬ ያዘልኳት። ዱቄቱን ብቻ ይዘሽ ነይ፤ ሌላው እናትሽ እንደተወችው አለ ብያታለሁ በስልክ። አሁን ምን ልላት ነው? የእናትሽን ሻይ ላምባ ቀላቅዬልሻለሁ ልበላት?"

ጋሼ አልተከራከረም። ገዝቼዋለሁ አላለም። "ጎጎ፣ እኔ ነኝ የሰነጠቅኩት፤ እኔ አመጣዋለሁ" አለ።

በማግስቱ ጀፕ ሄድን። በዚያ ዘመን ጀፕ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ይባል ነበር፤ አሁንም ይባላል። ከታች ብርድ ልብስና ጫማ፣ ከላይ ሞባይል፣ ከዚያ በላይ ቀበቶና ሽቶ፤ በደረጃው ላይ ዕቃ የተሸከመ ሰው ከዕቃ ከተሸከመ ሰው ጋር ይጋጫል። ጋሼ የወጥ ቤት ዕቃ የሚያከፋፍል ጓደኛ ነበረው፤ ፍቃዱ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ። ጠርሙሱን አሳየነው።

"ታሪኩ፣ ይሄን ጥርስ መጎርጎሪያ በደርዘን ልስጥህ?"

"መምቻ ነው፣ የሻይ።"

"ሻይ ይማታል እንዴ?" አለና አንዱን ልጅ ጠርቶ ካርቶን አስወረደ። "ይኸው። ብረት ነው፣ አይሰበርም። ይሄኛው ደግሞ በባትሪ ነው።" አስነሳው፤ እንደ ንብ ጮኸ። "አሮጊቷን በባትሪ ገላግላቸው!"

"ፍቃዱ፣ ቀርከሃ ነው የምፈልገው።"

"ወንድሜ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ቀርከሃ የምትመስለው አንተ ብቻ ነህ።" ጋሼ ቀጭንና ረጅም ነበር። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረን፣ የቻይናዎቹንም ሱቆች ጨርሰን፣ ባዶ እጃችንን ተመለስን። በታክሲው ውስጥ ጋሼ በመስኮት እያየ "እሠራዋለሁ" አለኝ።

እነዚያ ስድስት ሳምንታት፣ እንግዲህ፣ ከወንድሜ ጋር ካሳለፍኳቸው ሁሉ የማልለውጣቸው ናቸው። ጀርሚስተን ዳር አንድ ግቢ የቀርከሃ አጥር እንዳለው አየንና ባለቤቱን ለመንነው፤ ሰውየው ሊያስነቅለው ገንዘብ ሲፈልግ የኖረ ስለሆነ "ሁሉንም ውሰዱት" አለን። በባኪ ጭነን መጣን። ጓሮው ቀርከሃ ብቻ ሆነ፤ ሽታው ሱቁ ድረስ ይገባል። ጭልፋውን ጋሼ በሁለት ቀን ሠራው፤ እሱ ለጨንቻ ልጅ ጨዋታ ነው። መምቻው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቀርከሃውን ለስምንት፣ ስምንቱን ለአሥራ ስድስት እየሰነጠቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲቀጥን ወይ ያመልጠዋል ወይ ይሰበራል። እጁ ለቤት ማገር የተማረ ነው። የመጀመሪያውን በፍርግርጉ ያየች አንዲት ደንበኛ "ማይ ፍሬንድ፣ ለአይጥ መጥረጊያ መሸጥ ጀመርክ?" አለችው። ሁለተኛው የዶሮ እግር መሰለ። ሦስተኛው ደህና ነበር፤ ውሃ ሲነካው ተበተነ። ጎጎ ያን የማርማላታ ጠርሙስ አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ስለፈቀዱለት፣ ጋሼ አንዲት ስንጥር እያወጣ ብርሃን ላይ ያያታል፤ በጥፍሩ ይዳስሳታል፤ ይመልሳታል። በእንፋሎት ማለስለስ እንዳለበት ያወቀው በአራተኛው ነው። ያን ጊዜ የሱቁን ማሰሮ በሙሉ ወሰደብኝ።

እሁድ ከሰዓት ጎጎ መመርመሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጠማማው ሳህን፣ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ የወተት ዱቄት። አረንጓዴው ዱቄት ስለሌለ ነው። ጋሼ ይመታል።

"አረፋ የለም" ይላሉ።

"ጎጎ፣ ይኸው ሦስት አለ።"

"ሦስት አረፋ ልብስ ሲታጠብም አለ። እንደገና። ደግሞ ምን ያስቸኩልሃል? ታክሲ ሊያመልጥህ ነው? ሳህኑን በሁለት እጅ! ሃይ ወና፣ አንተ ሰው፣ ዳቦ እየወረወርክ አይደለም!"

እሳቸው ጨርቁ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሳህኑ ከመጠጣት በፊት እንዴት እንደሚዞር፣ እንግዳው እንዴት እጅ እንደሚነሳ አሳዩት። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝ በዕለቱ እሱ እንዲያቀርብላቸው ፈልገው ነበር። ያ ስኳር በዓይን ቅጽበት የሚቋጥር ሰው አንዲት ጨርቅ ለማጠፍ አምስት ደቂቃ ሲፈጅ ማየት ነበር። "ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!" ሲባል ሊነሳ ይልና የጎጎን መነጽር አይቶ ይቀመጣል፤ እኔ እሮጣለሁ። አንድ እሁድ የተናደደ መስሎኝ "ጋሼ፣ ይቅር፤ እውነቱን እንንገራት" አልኩት። "እውነቱንማ እንነግራታለን" አለኝ። "ግን ባዶ እጃችንን አይደለም።" የዩኪ መምጫ አምስት ቀን ሲቀረው ሰባተኛውን ጨረሰ። ስንጥሮቹ የእውነተኛውን ግማሽ አያክሉም፤ ወፈር ይላሉ፤ የሸመነበት ክር ደግሞ የቱታውን ቁልፍ የሰፋንበት ነው። ጎጎ መቱበት። ጠርዝ ጠርዙን ነጭ አረፋ ወጣ። ረጅም ጊዜ አዩት። "ዓይኗ ደካማ ከሆነ ያልፋል" አሉ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ዩኪ በትንሽ የኪራይ መኪና መጣች። ሃያ ምናምን የሚሆናት ቀጭን ልጅ ናት፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጂንስ። ከመኪናው ስትወርድ "ሳውቦና ጎጎ!" ብላ በዙሉ ሰላም አለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ዙሉዋ የልጅ ዙሉ ነው፤ "አቅፊኝ"፣ "ራበኝ"፣ "እምቢ አልተኛም" የሚል። ሌላ አልቀራትም። ጎጎ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት። ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጋሼ የእሁድ ኮቱን ለብሷል፤ ጫማውን ሲያወልቅ አውራ ጣቱ ከካልሲው ብቅ አለች። እኔ ሱቁን ዘግቼ ከወጥ ቤቱ በር ቆሜ አያለሁ። ጋሼ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አስገባ፤ ውሃውን በአዲሱ ጭልፋ ቀዳ፤ አልቸኮለም። አቅርቦ ሲጨርስ እጅ ነስቶ እኔ ጋ መጣ። ጎጎ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጠው መቱ። ዱቄቱ አረንጓዴ ነው፤ ለምለም ሣር የመሰለ። አረፋ ወጣ፤ ብዙ አይደለም፤ ግን ወጣ። ዩኪ ሳህኑን አዞረች፣ ጠጣች፣ እስከ መጨረሻው። ጋሼ ከአጠገቤ ትንፋሹን ለቀቀ። አለፈ ብለን አሰብን።

ከዚያ ዩኪ ሁለት እጇን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና አንድ ነገር ጠየቀች። የጎጎ ፊት ተለወጠ። ለካ በወጉ እንግዳው ጠጥቶ ሲያበቃ ዕቃዎቹን ቀረብ አድርጎ ልይ ይላል። ጎጎ ይሄን ረስተውት ነበር፤ ወይም ልጅቷ ትረሳዋለች ብለው ነበር። ማንኪያዋን አየች፤ ፈገግ አለች። ትንሿን ዕቃ አየች። መምቻውን አነሳች። አገላበጠችው። ክሩን በጣቷ ነካች።

"ጎጎ" አለች በእንግሊዝኛ፣ "ይሄ የእናቴ አይደለም።"

ጋሼ በሩን አልፎ ገባ። "እኔ ነኝ" አላት። ቀዳዳ ካልሲውን እንዳደረገ መሃል ምንጣፉ ላይ ቆሞ በዙሉና በእንግሊዝኛ ቀላቅሎ ሁሉንም ተናገረ። ሳጥኗን ከጀርሚስተን መግዛቱን፣ ላምባውን፣ ሱረቱን፣ ማስቲካውን። "ጎጎ ምንም አላጠፉም፤ አገራቸው ሄደው ነበር። መምቻውን እኔ በቢላ ሰነጠቅኩት። ከሁለት የተሠራ መስሎኝ ነው። ላይ ብዬ ነው።" እኔን አልጠራኝም። ማን ፍታው እንዳለው፣ ማን አትደፍርም እንዳለው አልተናገረም። በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁት ነው። በቀብሩ ዕለት ማይኩን ይዤ ልናገር የፈለግኩት ይሄን ነበር፤ ግን ይሄን ለመንገር ላምባውን መንገር አለብህ፣ ጨንቻን መንገር አለብህ፤ አልቻልኩም።

ዩኪ አዳመጠችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቦርሳዋን ከፍታ በፕላስቲክ የታሸገ አዲስ መምቻ አወጣች። እናቷ ናት የላከችው። "እናቴ የጎጎ ቻሰን እስካሁን አይቆይም አለች። ቢበዛ ጥቂት ወር ነው የሚያገለግለው። ያልቃል።"

"ምን?" አሉ ጎጎ። "ሃያ ሁለት ዓመት ያጠብኩት ምኑን ነው?"

"ብዙ ነበሩ፣ ጎጎ። እናቴ በየጊዜው ትቀይረው ነበር።"

"አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አላየሁም!"

"አይጣልማ። ያረጁትን ታጠራቅምና ለእረፍት አገር ስንገባ ይዛቸው ትሄዳለች። መቅደስ ውስጥ ተሰብስበው፣ ላገለገሉት ምስጋና ቀርቦ፣ ይቃጠላሉ።"

ጎጎ ወደ ጋሼ ዞሩ፤ ጋሼ ወደ ጎጎ። ማን ቀድሞ እንደጀመረ አላውቅም፤ ጎጎ ከዱካው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። "ሃያ ሁለት ዓመት! በለብ ያለ ውሃ! አንዲት አልሰበርኩም እያልኩ በየቤተ ክርስቲያኑ ስምል!" ጋሼ ግድግዳውን ይዞ "ስድስት ሳምንት! ማሰሮውን ሁሉ!" ይላል። ዩኪ ሲረጋጋ ጠብቃ፣ አዲሱን መምቻ ወደ ማሸጊያው መልሳ፣ በጋሼ መምቻ ለእሱ ለራሱ መታችለት። ተቀምጦ ጠጣ። መራራ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት፤ ግን ሳህኑን አዙሮ ጨረሰው።

ልትሄድ ስትል የተሰነጠቀውን ጠየቀች። "እናቴ እንድወስድላት ትፈልጋለች" አለች። "ያንን ደግሞ ማመስገን አለባት።" ጋሼ የማርማላታውን ጠርሙስ አመጣ። እኔ ለተሰበረ ቀርከሃ ቀብር ሲደረግ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቄ መጣ፤ ያዝኩት።

"ሲያቃጥሉት" አላት ጋሼ፣ "ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ይንገሩልኝ።"

ዩኪ ራሷን ነቀነቀች። "ስለ ጥፋት ማንም አይጠይቅም። የሚባለው አመሰግናለሁ ብቻ ነው።"

ጋሼ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ያዘ። ጎጎ እንዳስተማሩት ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና፣ በእኛው ቋንቋ፣ በአባታችን ቋንቋ፣ አመሰገነው። ከዚያ ቀና ሳይል በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ "አንተም በል እንጂ" አለኝ። "ያልሰነጠቅክ መሰለህ?"

ከበሩ መጣሁ። ከጎኑ ጎንበስ ብዬ እኔም አመሰግናለሁ አልኩ።